«ዶክተር ሁ»፦ የጀግናውን መነሻ መለወጥ ተገቢ ነበርን?

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦
እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረውን፣ «ዶክተሩ» የተባለ ጀግና በጊዜና በጠፈር የሚጓዝበትን «ዶክተር ሁ» የተሰኘውን የቢቢሲ ድራማ፣ በኮንዶሚኒየማችን መብራት በጠፋ ቁጥር እያቋረጥንም ቢሆን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንከታተል ቆይተናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀረበው ክፍል ግን ዶክተሩ አገሩ የምትባለው የጋሊፍሬይ ፕላኔት ተወላጅ ሳይሆን ከማይታወቅ ስፍራ የመጣ ሕፃን እንደነበረ ነገረን። ይህ ለውጥ ታሪኩን አበለጸገው ወይስ አፈረሰው ትላላችሁ?

መልስ (ከለገጣፎ)፦
እ.ኤ.አ. በ1966 ዶክተሩን መጀመሪያ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ታውኮ ሲሰናበት፣ አዘጋጆቹ «ገጸ ባሕርዩ መልኩን ይለውጣል» የሚል ዘዴ ፈጥረው ፓትሪክ ትራውተንን ባይተኩ ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ድራማ ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ለውጥ አያስደነግጠኝም።

መልስ (ከቡራዩ)፦
ይቅርታ፣ ተዋናይ መለወጥና መሠረት መለወጥ ለየቅል ናቸው። ጆዲ ዊተከር የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር ስትሆን ቅር አላለኝም፤ በሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ ሲመጣማ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የኮራሁበት። ያስከፋኝ ግን፣ ከአገሩ ሸሽቶ በተሰረቀ መንኮራኩር የሚንከራተተው ተራ ሰው፣ በአንድ ምሽት የሕዝቡ ሁሉ የኃይል ምንጭ ተደርጎ መቅረቡ ነው።

ጠያቂው፦
«ተራ» ባሉት እስማማለሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1976 በቀረበ ታሪክ ውስጥ ከሃርትኔል በፊት የነበሩ የሚመስሉ የዶክተሩ ፊቶች መታየታቸውን ያስታውሱ፤ ዘሩ የተዘራው ያኔ ነው።