እጄ ጀሶ ታስሯል፣ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ) እንዴት ላድርግ? ዐስር (የከሰዓቱ ሶላት) ሊያመልጠኝ ነው!

የአያት ልጅ (11:46)
አሰላሙ ዐለይኩም። አስቸኳይ ነው። ዛሬ ጠዋት እጄ ተሰብሮ ጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ ውሃ እንዳይነካው ብሏል። ገና አሁን ቤት መግባቴ ነው። ዐስር አልሰገድኩም፣ መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው) 12:32 ይገባል። ውዱእ እንዴት ነው? ሱጁድስ (ግንባር መሬት አስነክቶ መስገዱስ)? ቶሎ በሉ።

ሻሂ በዝንጅብል (11:48)
ወዐለይኩም አሰላም። አላህ ያሽርህ። ግን እንዴት ተሰበርክ? ባጃጅ ነው ኳስ?

ጀማሉ የወሎው (11:49)
ተየሙም አድርግ፣ በውሃ ፋንታ በአፈር አብስ። አለቀ።

አቡ ነቢል (11:53)
ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ ግዴታ ናት። ሱብሒ 2፣ ዙህር (የቀትሩ) 4፣ ዐስር 4፣ መግሪብ 3፣ ዒሻ 4፣ ድምሩ 17 ረከዓ (የሶላት ዙር)። የውዱእ ግዴታ በሱረቱል ማኢዳ 6ኛው አያ ላይ ተነግሯል። ፊትን መታጠብ፣ እጅን እስከ ክርን፣ ራስን ማበስ፣ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት። የዛሬ ወጣት ግን ሶላቱን እያዘገየ እያዘገየ መጨረሻው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። እኛ በልጅነታችን አዛን ሳይባል ነበር መስጂድ በር ላይ የምንገኘው...

የአያት ልጅ (11:55)
ጋሼ፣ ኤክስሬይ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ተኝቼ አይደለም።

ኡሙ ሐናን (11:56)
ወንድሜ አላህ ሺፋውን ይስጥህ። የትኛው እጅህ ነው? ከየት እስከ የት ነው የታሰረው? ጣቶችህ ውጭ ናቸው? ዙህርስ ሰግደሃል?

የአያት ልጅ (11:57)
ቀኝ። ከመዳፌ እስከ ክርኔ በላይ። ጣቶቼ ውጭ ናቸው። አንገቴ ላይ በሻሽ ተንጠልጥሏል። ዙህርም አልሰገድኩም 😔

ጀማሉ የወሎው (11:58)
ተየሙም አልኩህ እኮ።

ነርሷ (11:59)
ስለ ጀሶው ብቻ ልናገር፣ ሌላውን የሚያውቁት ይንገሩህ። ጀሶን የሚያበላሸው ውሃ ሲፈስበትና ወደ ውስጥ ሲሰርግ ነው። እጅን አርጥቦ፣ በደንብ አራግፎ ከላይ አንዴ ማሳለፍ ምንም አያደርገውም። ዛሬ የታሰረ ስለሆነ ግን ገና አልደረቀ ይሆናል፣ አትጫነው። ጣቶችህን ስትታጠብ ወደ ታች ዘቅዝቃቸው፣ ውሃው ወደ ጀሶው እንዳይመለስ። ጣቶችህ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሶላትህን ስገድና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ተመለስ።

ሻሂ በዝንጅብል (12:00)
ፌስታል አጥልቅበትና በፕላስተር ጠቅልለው። እኔ አንዴ እንደዛ አድርጌ ሻወር ገባሁ። ፌስታሉ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር።

ኡሙ ሐናን (12:02)
እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ቢስሚላህ ብለህ በግራ እጅህ ጀምር። የምትጉመጠመጠውም፣ ፊትህን የምትታጠበውም በግራህ ነው፣ ቸግሮህ ስለሆነ ችግር የለውም። ከዚያ ከቀኝ እጅህ የሚታየውን፣ ማለትም ጣቶችህን ታጠብ። የጀሶውን በእርጥብ እጅ ከላይም ከታችም አብሰው። አንዴ ይበቃል። ግራ እጅህን እስከ ክርን የሚያጥብልህ ሰው ቤት ካለ በጆግ ያፍስስልህ፣ ከሌለ ክንድህን ቧንቧ ሥር አድርገህ አገላብጠው። ራስህን አብስ፣ እግርህን ታጠብ። ይኸው ነው።
ይሄ "ጀቢራ ላይ ማበስ" ይባላል። ጀቢራ ድሮ ስብራት ላይ የሚታሰር እንጨት ነው፣ የኛ ወጌሻ እንደሚያስረው ቀርከሃ። በውዱእ ጊዜ እግርን በመታጠብ ፋንታ ካልሲ ላይ ከማበስ ግን ይለያል፣ የቀን ገደብ የለውም። ካልሲው በአገሩ ላለ ሰው አንድ ቀን ከሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ነው። ጀሶው ግን እስኪፈታ ድረስ ታብሰዋለህ። ጀናባም (ሙሉ ገላ መታጠብ የሚያስገድደው ሁኔታ) ቢሆን ያው ነው።

የሐረሩ (12:05)
እህቴ፣ ይሄ የሐነፊይና የሐንበሊይ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ፈለግ) ነው። እኛ ሻፊዒዮች ዘንድ ጤነኛውን ታጥቦ፣ ጀሶውን አብሶ፣ ተየሙምም ይጨምርበታል። የታሰረው በተየሙም አካል (ፊትና እጅ) ላይ ስለሆነም ሲፈታ ሶላቶቹን ይመልሳል። ደግሞስ ጀሶው ሲታሰር ውዱእ ነበረው? ጥያቄው ራሱ ከዚያ ነው መጀመር የነበረበት።

የአያት ልጅ (12:06)
አጥንቴ ተሰብሮ ውዱእ አድርጌ ልጠብቅ ነበር??

ሻሂ በዝንጅብል (12:07)
6 ሳምንት ቢታሰር 42 ቀን። በቀን 5። 210 ሶላት ሊመልስ ነው? አኺ፣ እጁን ሳይሆን ወገቡን ነው የምታስሩት።

የሐረሩ (12:08)
እኔ አላመጣሁትም፣ የመዝሀቡ ቃል ነው። የሰፈሩን ኡስታዝ ይጠይቅ።

ጀማሉ የወሎው (12:08)
አያችሁ? ተየሙም!

ኡሙ ሐናን (12:10)
ጀማሉ፣ ውሃ እያለና ማበስ እየቻለ ተየሙም ብቻውን አይሆንም። ወንድም፣ ልብህ ካልረጋ ተየሙሙንም ጨምር፣ የሚጎዳህ ነገር የለም። የመመለሱን ጉዳይ ነገ ትጠይቃለህ፣ አሁን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

የአያት ልጅ (12:11)
አፈር የት ነው የማገኘው? ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ።

ነርሷ (12:11)
የአበባ ማሰሮ የለም?

የአያት ልጅ (12:12)
በረንዳ ላይ የእማዬ ጤና አዳም አለ። ትገድለኛለች።

ሻሂ በዝንጅብል (12:12)
ጤና አዳም ላይ ተየሙም አድርጎ የታመመ የለም 😂

ኡሙ ሐናን (12:14)
ደረቅ አፈር ከዳሩ ቆንጠር አድርግና ሳህን ላይ በትን። እማማ አያውቁም።
አሁን ሶላቱ። መጀመሪያ ዙህርን ስገድ፣ ቀጥሎ ዐስርን። ሁለቱም 15 ደቂቃ አይፈጁም። ውዱእ ላይ ቆይተህ ሰዓቱ ከጠበበ ግን ዐስርን አስቀድም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ረከዓ ከደረስክ ዐስርን ደርሰሃል።
ተክቢራ ላይ (አላሁ አክበር ስትል) ግራህን ብቻ አንሳ። ቀኝህ ሻሹ ውስጥ ይቆይ። እጅ ደረት ላይ ማድረግ ግዴታ ሳይሆን ሱና ነው፣ አትጨነቅ። ሩኩዕ ላይ (ስታጎነብስ) ግራህ ጉልበትህን ይያዝ። ሱጁድ በሰባት አካል ነው፣ ግንባር ከአፍንጫ ጋር፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት ጉልበት፣ የሁለቱ እግር ጣቶች። አንተ አንዱ ጎድሎብሃል፣ በቀሩት ስገድ። ስትወርድ ጉልበትህን አስቀድም፣ ከዚያ ግራህን መሬት አስይዝና ቀስ ብለህ ግንባርህን አውርድ። ቀኝህን ለማስነካት አትታገል። ስትነሳ ወንበር አጠገብህ ይኑር።

የሐረሩ (12:16)
እዚህ ላይ እስማማለሁ። አተሒያቱ ላይ (ተቀምጦ በሚባለው ዱዓ) ደግሞ የቀኝ ጣቱ ከጀሶው ውጭ ስለሆነ ሳያመው ከቻለ በእሱ ይጠቁም። ካመመው ይተወው። በግራ ግን አይጠቁም።

አቡ ነቢል (12:19)
...ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ውዱእ አደቦች ልመለስ። አንደኛ፣ ውሃ ማባከን...

ሻሂ በዝንጅብል (12:20)
ጋሼ፣ ልጁ ሄዷል።

አቡ ነቢል (12:21)
ሌላው ይማርበት። ውሃ ማባከን የተጠላ ነው፣ ወንዝ ዳር ሆነህ እንኳ ቢሆን።

ጀማሉ የወሎው (12:40)
ሰገደ?

ኡሙ ሐናን (1:15)
ወንድም፣ እንዴት ሆንክ? ጣቶችህስ?

ነርሷ (2:50)
ስትተኛ እጅህን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው፣ እብጠቱን ይቀንሰዋል።

ሰሚራ (በማግስቱ፣ 3:10)
አሰላሙ ዐለይኩም። ጥያቄውን አሁን ነው ያየሁት። የኔ እናት ደግሞ እግራቸው ነው የታሰረው፣ ከጉልበት በላይ ድረስ። ጨርሶ አይታጠፍም። ወንበር ላይ ሲሰግዱ እግራቸው ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) ተዘርግቶ ይቀራል፣ እሳቸው ደግሞ "ነውር ነው" ብለው ያለቅሳሉ። ምን ልበላቸው?

ሻሂ በዝንጅብል (3:14)
ጀማሉ እንዳትመልስ።

የሐረሩ (3:22)
ወዐለይኩም አሰላም እህቴ። ነውር የለበትም። መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ይሰግዳል። እግራቸው የተዘረጋው ንቀት ሆኖ አይደለም፣ ስለማይታጠፍ ነው። ለሩኩዕ ጎንበስ ይበሉ፣ ለሱጁድ ከዚያ ዝቅ ይበሉ። ጀሶው ቁርጭምጭሚታቸውንም ይሸፍናል?