የተቃጠለው ተረተር ይተከልበት ወይስ ይተው?

የመንዝ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ! ባለፈው በጋ ከመንደራችን በላይ ያለው ተረተር ተቃጠለ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሁሉ ከሰለ። ክረምት ሲገባ ችግኝ እንትከልበት የሚሉ በዝተዋል። እኔ ግን ይተው ባይ ነኝ። እሳት ሁሌ ጥፋት አይደለም። አሜሪካ የሎውስቶን የሚባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሶው ያህል እሳት ነክቶታል። እዚያ የሚበዛው ፓይን የሚሉት ዛፍ ብዙው ፍሬው በሙጫ የታሸገ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና ዘሩን ይጥላል። ችግኝ ሳይተከልለት መልሶ በቀለ። የእኛ ተራራስ ምን ያንሰዋል?

የደብረ ሲናዋ፦ ወንድሜ፣ ፓይን ሌላ፣ የእኛ ጽድ ሌላ። ጽድ አንዴ ከነደደ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየውም ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም ነው። እናት ዛፍ በቅርብ ከሌለ፣ ፍሬውን በልታ ዘሩን የምትጥል ወፍ ከሌለች፣ ጽዱ ከየት ይመጣል? ደግሞ የእኛን ተዳፋት ታውቀዋለህ። መስከረም 1998 እዚሁ ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ ስንቱ ሰው ቤት አልባ ሆነ! «ተዉት፣ ራሱ ይድናል» ሲባል እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ፣ የይዛባ ወይኑ ከሥር የተነሳ ጥልቅ ናዳ ነው። ችግኝ አያቆመውም። ላይ ላዩን የሚታጠበውን አፈር ካልሽ ግን እስማማለሁ።

ጋሼ ከአንኮበር፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ስለ እሳቱ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው ነው። አስታ ከመሬት በታች ወፍራም ሥር አለው። ላዩ ቢቃጠልም ሥሩ ካልሞተ ያቆጠቁጣል። ያንን ለጋ ቡቃያ በግና ከብት እያከታተለ ከጋጠው ግን ያልቅለታል። ያኔ እሳቱን እንወቅሳለን።

የመንዙን የጓሳ ሣር ምድር እዩ። የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ድሮ ሣሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ይከለክሉና ከዚያ ይከፍቱት ነበር። ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ይታጨድ ነበር። ማጨድም መንካት ነው እኮ! ግን ተነክቶ እንደገና ያርፍ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው ሣሩ ማረፊያ አጣ። ያኔ የተጎዳው በማረፊያ እጦት ነው እንጂ በማጭድ አይደለም።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ዶማ ይዘህ ውጣ። የአስታው ሥር እርጥብ ከሆነ አትንካው። ጽድና ኮሶ የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ እናት ዛፍ ካልተረፈ ትከል፤ ያንኑ ጽድና ያንኑ ኮሶ። ባህር ዛፍ እንዳታስገባ አደራ!

የመንዝ ልጅ፦ እሺ ጋሼ። ሙሉውን ይተው ማለቴን አንስቻለሁ። ቅዳሜ እወጣለሁ።

የደብረ ሲናዋ፦ እኔም አስታው ላይ አትትከሉ በሚለው ተስማምቻለሁ። ግን ጋሼ፣ ተረተሩም እንደ ጓሳው ይከልከል ካልን፣ ሌላ ግጦሽ የሌለው ሰው ሦስት ዓመት ከብቱን የት ያድርስ?

ጋሼ ከአንኮበር፦ ልክ ነሽ፣ ከባዱ እሱ ነው። ከብቱ አይግባ፤ ሣሩ ግን ታጭዶ በሸክም ይውጣ። ክፍፍሉ ላይ መጀመሪያ ድርሻ የሚያገኘው ሌላ ግጦሽ የሌለው ይሁን። ይሄ ከክረምቱ በፊት በመንደሩ ጉባኤ ካልተወሰነ፣ የተከላችሁትንም የተዋችሁትንም ከብት ይበላዋል።