ለ2019 ዓ.ም. የዜና መጽሔትና የጋራ የዝግጅት መቁጠሪያ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የውሳኔ ሐሳብ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው በሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት፣ ከአዲሱ ዓመት መግቢያ ማለትም ከዓርብ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026) ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውሉ የታሰቡትን ወርኃዊ የዜና መጽሔትና የጋራ የዝግጅት መቁጠሪያ የሚመለከት የመነሻ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዓላማው እያንዳንዱ የሥራ ክፍል አስተያየቱን ጨምሮበት ጽሑፉ የሁላችንም የውሳኔ ሐሳብ ሆኖ በነሐሴ ወር ለሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ነው።

ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂንያ በአሌክሳንድሪያና በፎልስ ቸርች፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞቻችን አንዳንዶቹ በቴሌግራም፣ አንዳንዶቹ በቫይበር፣ የቀሩት ደግሞ በስልክ ጥሪ ብቻ ይገናኛሉ። ጠዋት የተላከ ማስታወቂያ ማታ በሰላምታና በበዓል ምስሎች ተውጦ ይጠፋል። አንዱ ክፍል አዲስ ገቢዎችን ሊቀበል በቀጠረበት ቅዳሜ ሌላው የልጆች የምረቃ ዝግጅት ይይዛል፤ ሁለቱም ዘንድ መኪና ይዘው እንዲመጡ የሚለመኑት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂንያ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ የተጓዘ ሰው ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ማዳረስ እንደማይችል ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ የማቀርበው ዋና ሐሳብ ቅደም ተከተልን የሚመለከት ነው። መጀመሪያ መቁጠሪያው ይቋቋም፤ መጽሔቱ ከእርሱ ይቀዳ። ብዙ ማኅበራት በተቃራኒው መንገድ ይጀምራሉ፦ ያማረ መጽሔት ያሳትሙና በሦስተኛው ወር ጽሑፍ የሚያዋጣ ሰው አጥተው ይቆማሉ። መቁጠሪያው በትክክል ከተያዘ ግን የመጽሔቱ ግማሽ ሥራ አስቀድሞ አለቀ ማለት ነው፤ አዘጋጁ የሚመጣውን ወር ከመቁጠሪያው ይወስዳል፣ ያለፈው ወር ዝግጅት ምን እንዳከናወነ ከየአስተባባሪው አጭር ዘገባ ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማረምና መላክ ይሆናል። በመቁጠሪያው ላይ የሚመዘገብ እያንዳንዱ ዝግጅት ስሙን፣ ዕለቱንና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙሉ አድራሻውን፣ ኃላፊውንና የሚያስፈልገውን የበጎ ፈቃደኛ ቁጥር መያዝ አለበት። ኃላፊ ያልተሰየመለት ዝግጅት አይመዘገብም።

የአማርኛ ትምህርት ክፍል አስተባባሪ፦

ጸሐፊያችን ያቀረቡትን ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ነገር ግን «ቀንና ሰዓት» የሚለው ቃል በእኛ ማኅበር ውስጥ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ በውሳኔ ሐሳቡ ውስጥ በዝርዝር እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ከሰዓቱ ልጀምር። «ቅዳሜ 10 ሰዓት» ብለን ስንጽፍ እዚህ ብዙ ዓመት የኖረው ወላጅ ጠዋት ልጁን ይዞ ይመጣል፤ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡት አያት ግን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ሁለቱም በትክክል አንብበዋል። ስለዚህ ሰዓት ሁሉ የቀኑ ክፍል ተጠቅሶ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ፣ ለምሳሌ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10» እንዲባል እጠይቃለሁ። አጻጻፉ ይረዝማል፤ ቢሆንም አንዲት እናት በር ተዘግቶባት ከምትመለስ መርዘሙ ይሻላል።

አዲስ አበባ ካሉት መምህራን ጋር በዙም የምናካሂደው የንባብ ሰዓትም የራሱ ጉዳይ አለው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ አሜሪካ ግን ትቀይራለች። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ በመካከላችን 7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ከእሑድ ጥቅምት 22 ቀን (ኖቬምበር 1) ጀምሮ 8 ይሆናል፤ ማርች 14 ቀን ተመልሶ 7 ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ሳይለወጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የምንይዘው ንባብ ለመምህራኑ ከቀኑ 11 ሰዓት የነበረው ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሸጋገራል። በጀርመን ያሉት ሁለት መምህሮቻችን ደግሞ ከእኛ አንድ ሳምንት ቀድመው፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። በእነዚህ ሳምንታት ዋዜማ ማሳሰቢያ የመላክ ኃላፊነት በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ የ2020 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል፣ በዚያው ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይሆናል፣ ገናም ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ቢቀጥልም ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ያለፈውን ዓመት መቁጠሪያ ገልብጦ መለጠፍ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ያሳስታል። በመሆኑም የየዓመቱ መቁጠሪያ እንደ አዲስ ተሰልቶ፣ ከመጽደቁ በፊት ሌላ ሰው እንዲያመሳክረው ይደንገግ።

የታክስ እገዛ አስተባባሪ፦

የእኔ አስተያየት ዝግጅቶች ከአጽዋማትና ከበዓላት ጋር ስለሚጋጩበት ሁኔታ ነው። በዚህ በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን፣ የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን (ኤፕሪል 15) ነበር። በሰሙነ ሕማማት በጎ ፈቃደኞቻችን በየቤተ ክርስቲያናቸው ስለነበሩ፣ ሰው ቅጹን ይዞ ተሰልፎ የሚመጣበት ሳምንት ሠራተኛ በሌለበት ዋለ። ይህን በመስከረም ላይ ማየት ይቻል ነበር፤ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰሌዳ ግን አልነበረንም። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን (ሜይ 2) ስለሚውል ግጭቱ በዚያ መልኩ አይደገምም፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ቀን (ማርች 8) ይገባል፣ የረመዳን ወርም በዚያው ሰሞን እንደሚያበቃና ኢድ አልፈጥር ማርች 9 ወይም 10 ገደማ እንደሚውል ይጠበቃል። ሙስሊም እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በየካቲት ወር የምሽት ፈረቃ እንዳይደርሳቸው ከወዲሁ መደልደል አለብን። የኢድ ቀን በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን በመቁጠሪያው ላይ «የሚጠበቅ» ተብሎ ይመዝገብ፣ ሲረጋገጥ ይታረም፤ በዚያው ዕለትና በማግስቱም ሌላ ነገር አይያዝ።

ከበዓላቱ በተጨማሪ የዝግጅት ቀነ ገደቦችም መመዝገብ አለባቸው። በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ሥር ታክስ የሚሞላ ሰው የብቃት ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። ሥልጠናው በታኅሣሥና በጥር ካልተወሰደ በየካቲት ያለን መልካም ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝብ የሚጠራባቸው ዕለቶች ብቻ ሳይሆኑ እኛ ራሳችን የምንዘጋጅባቸው ቀኖችም ይግቡ።

በኅዳር ወር ስለምናከፋፍለው የምግብ ቅርጫትም አንድ ቃል አለኝ። የአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ታንክስጊቪንግ በ2019 ኅዳር 17 ቀን (ኖቬምበር 26) ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ብዙዎቹ ተቀባዮቻችን ጾመኞች ናቸው። ምስር፣ ሽሮና ዘይት የያዘ የጾም ቅርጫት ከዶሮው እኩል መታሰብ ስላለበት፣ የምግብ ዝግጅት ሁሉ ሲመዘገብ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ፣ ሥጋ ካለበትም የባረከው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም መሆኑ አብሮ ይጻፍ።

የአረጋውያን ጉብኝት አስተባባሪ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ከምንጎበኛቸው እናቶችና አባቶች አብዛኛዎቹ መቁጠሪያ በስልክ አይከፍቱም። አንዳንዶቹ ቫይበር የሚያውቁት ልጆቻቸው ከአገር ቤት ሲደውሉላቸው ብቻ ነው። ለእነርሱ መጽሔቱ በወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከአንድ ሉህ ፊትና ጀርባ ሳይበልጥ ታትሞ በጉብኝት ቀን በእጅ ይድረሳቸው። በዚያ ላይ የሚመጣው ወር ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀድመው ተጽፈው፣ የአሜሪካው ከሥር ይሁን፤ የጻድቃኑና የሰማዕታቱ ወርኃዊ መታሰቢያም ይግባ። ይህን የምለው በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ጽዋ ያለባቸውን እናት ያንለት ሐኪም ቤት ለመውሰድ መቅጠር ትርፉ ቀጠሮ ማፍረስ ስለሆነ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሳምንቱ የሚለካው በእነዚያ ቀኖች ነው፤ እኛም መርሐ ግብራችንን በእነርሱ ልክ መስፋት ይገባናል።

ገንዘብ ያዥ፦

የሕትመቱን ወጪ ማኅበሩ ይችላል፤ በፖስታ መላክን ግን አልደግፍም። ጎብኚው በእጁ ያድርስ። መጽሔቱ የንግድ ማስታወቂያ በክፍያ እንዲቀበል የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባላት በቃል ደርሶኛል፤ የመጀመሪያው ዓመት እስኪያልፍ ይህ እንዳይደረግ፣ ከዚያ በኋላ ጉባኤው ራሱ እንዲወስንበት እጠይቃለሁ።

የወጣቶች ክፍል ተወካይ፦

መቁጠሪያውን በቴክኒክ በኩል እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለመያዝ ፈቃደኞች ነን። ስልኮች ላይ ያለው «በየወሩ ይደገም» የሚለው ትእዛዝ የሚቆጥረው በአሜሪካ ቀን ነው። በ12 የሚውለውን የሚካኤል መታሰቢያ ብንወስድ፣ በጥቅምት ኦክቶበር 22፣ በኅዳር ኖቬምበር 21፣ በታኅሣሥ ዲሴምበር 21፣ በጥር ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ አንድ ጊዜ መዝግበን ይደገም ብንል ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ይሳሳታል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን የተከተሉትን በሙሉ በየአንዳንዳቸው በእጅ እናስገባለን። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ ክረምት ላይ እንጨርሰዋለን።

መጽሔቱ በምስል እንዳይላክ አጥብቄ እለምናለሁ። ብዙ ማኅበራት ያማረ ሥዕል ላይ ጽሑፍ አሳርፈው ይልካሉ፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ግን ሊፈለግ አይችልም፣ አድራሻውን ነክቶ ካርታ መክፈት አይቻልም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ፊደሉን ማሳደግ ይቸገራል። በዩኒኮድ፣ ማለትም የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ የተጻፈ ጽሑፍ ይሁን። ቀደም ሲል በአሮጌ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የተጻፉ የማኅበሩ ሰነዶች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሚሆኑ፣ ከእነርሱ የሚጠቀስ ነገር ካለ እንደገና መተየብ አለበት። አንድ ጥያቄም አለኝ፦ በጁላይ መጀመሪያ ብዙ ቤተሰብ በ1984 (በአሜሪካ አቆጣጠር) ወደተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር ይጓዛል። ያን ሳምንት ከወዲሁ ነፃ ብናደርገውስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የቀረቡትን አስተያየቶች በሙሉ በረቂቁ ውስጥ አካትቻለሁ፤ የጁላይ የመጀመሪያ ሳምንትም ነፃ ይሆናል። ለጉባኤው የሚቀርበው ቃል በዋናው እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበሩ አንድ የጋራ የዝግጅት መቁጠሪያ ይኖረዋል። በዚህ ላይ ያልተመዘገበ ዝግጅት በማኅበሩ ስም አይጠራም። ቀን በኢትዮጵያና በአሜሪካ አቆጣጠር ከዕለቱ ስም ጋር፣ ሰዓትም በሁለቱም አቆጣጠር ከቀኑ ክፍል ጋር ይጻፋል። የክርስትናና የእስልምና በዓላትና አጽዋማት አስቀድመው ይሰፍራሉ፤ ዝግጅቶች ከእነርሱ ቀጥሎ ይደለደላሉ። ሁለት ክፍሎች አንድ ቀን ቢጠይቁ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል፤ የሕዝብ ጥቅም ያዘዘ እንደሆነ ግን ሁለቱ አስተባባሪዎች ተነጋግረው ይወስናሉ። የዜና መጽሔቱ የኢትዮጵያ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በስልክና በወረቀት ይወጣል።»

ስለ መጽሔቱ ይዘት ሁለት ነገር ጨምሬአለሁ። አንደኛው፣ በዋሽንግተን ከተማ በ2004 (በአሜሪካ አቆጣጠር) በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ከተማዋ ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ነዋሪው በከተማዋ ቢሮዎች አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው በየእትሙ የሚያስታውስ ቋሚ ዓምድ ይኑር፤ ሕጉ የከተማዋ እንጂ የሜሪላንድና የቨርጂንያ እንዳልሆነም በዚያው ይገለጽ። ሁለተኛው፣ የልጆች ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የምንረዳቸው ሰዎች ስምና አድራሻ ደግሞ በምንም ሁኔታ እንዳይወጣ። በቤታቸው የምንቀበላቸው ሰዎች ችግራቸውን የነገሩን አምነውን ነው፤ ይህ አንቀጽ ሊሻሻል የማይችል እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። የፖለቲካ ጽሑፍ እንዳይወጣ የሚለው በመተዳደሪያ ደንባችን ስላለ አልደገምኩትም።

የአረጋውያን ጉብኝት አስተባባሪ፦

በረቂቁ እስማማለሁ፤ አንድ ማሻሻያ ግን አለኝ። «ያልተመዘገበ ዝግጅት በማኅበሩ ስም አይጠራም» የሚለው ለቅሶን እንዳይመለከት። ሐዘን ቀን አይቆርጥም፤ አንድ ሰው ሲያርፍ በዚያው ምሽት ወጥና እንጀራ ይዘን፣ ወንበር አስጭነን እንደርሳለን። መቁጠሪያው ይህን የሚያዘገይ ሕግ ሆኖ እንዳይነበብ እፈራለሁ። ደግሞም በለቅሶ ምክንያት የተሰረዘ ዝግጅት ካለ ስረዛው በስልክ ጭምር ለአረጋውያኑ ይነገር፤ በወረቀት የተጻፈውን አምነው የሚወጡት እነርሱ ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ማሻሻያውን ተቀብዬ በዋናው ቃል ላይ «ከለቅሶና ከድንገተኛ እርዳታ በስተቀር» የሚል ሐረግ አስገብቻለሁ፤ የስረዛው ጥሪም የዝግጅቱ ኃላፊ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። የትምህርት ክፍሉ አስተባባሪ የቀኖቹን ስሌት እንዲያመሳክሩ፣ የወጣቶች ክፍል ከሐምሌ መጨረሻ በፊት የመስከረምና የጥቅምት ወራትን ለሙከራ አስገብቶ እንዲያሳየን፣ የየክፍሉ አስተባባሪዎችም እስከዚያ የዓመቱን ቀኖቻቸውን ከነኃላፊው ስም እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተጨማሪ ማሻሻያ ያላችሁ እስከ ሐምሌ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጁላይ 22 ቀን 2026) አቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ ረቂቁ ከጉባኤው ጥሪ ጋር ለአባላት ሁሉ ይላካል።