ያገለገለች ኩቦታ ትራክተር ልግዛ ወይስ ባለ ሁለት ጎማዋን?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ምከሩኝ። ኮምቦልቻ አጠገብ፣ ቦርከና ዳር ሁለት ሄክታር ገደማ መሬት አለን። ሽንኩርትና ማሽላ ነው የምናመርተው። ለማረሱ በሬ አለ። የቸገረኝ ሌላው ሥራ ነው፤ ፍግ ማመላለስ፣ ሽንኩርት እስከ አስፋልቱ ማውጣት፣ የውሃ ፓምፕ ማዞር።

ሁለት አማራጭ አለኝ። አንዷ ባለ ሁለት ጎማ የቻይና ትራክተር ናት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ፣ ከነተጎታቿ። ሌላዋ ያገለገለች ባለ አራት ጎማ ኩቦታ፣ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ልቤ ወደ ኩቦታዋ ነው፤ ከኋላ ፓምፕ የሚያዞር ዘንግ አላት። ግን ጽሑፏ ሁሉ ጃፓንኛ ነው፤ ሻጩም ሞዴሏን በቅጡ አያውቅም። ሰዓት ቆጣሪዋ ትንሽ ነው የሠራችው ይላል፣ የፔዳሏ ላስቲክ ግን ተበልቶ አልቋል። የቱን ልመን? ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ልናስነሳት ተስማምተናል። ሰማያዊ ጭስ ካየሁ ዘይት እየበላች ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ከዚያ ውጭ ምን ልይ? ፍሪሲዮኗንና ሃይድሮሊኳን እዚያው ግቢ ውስጥ እንዴት ልፈትን?

ደግሞ መሬታችን ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ባለ ሁለት ጎማዋ ትሰምጣለች ይላሉ፤ እውነት ነው? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የኩቦታ መለዋወጫ የት እንደሚገኝ፣ ወይም እጁ የተፈተነ መካኒክ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። ሻጩ ቀብድ ቀብድ እያለ ነው።