በጾም ወቅት ለሯጭ 500 ካሎሪ እንዴት ይጨመራል?

ሰላም። የማሠለጥናት የ10,000 ሜትር ሯጭ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ዕድሜዋ 20፣ ቁመቷ 1.66 ሜትር፤ በአራት ወር ከ52 ወደ 47 ኪሎ ወርዳለች። መጀመሪያ ሰዓቷ ተሻሽሎ ነበር፤ ክብደት ሲቀል ዳገት ይቀላልና። አሁን ግን 1,000 ሜትር ስናደጋግም ከአራተኛው በኋላ እግሯ አይነሳም። የወር አበባዋም ከቀረ ሦስት ወር ሆነው። ሐኪም ጋር ቀጠሮ ይዘናል፣ ፌሪቲን (በሰውነት ውስጥ ያለው የብረት ክምችት) እንዲታይ ጭምር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በቀን 2,100 ካሎሪ ገደማ ትበላለች። 20 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ በኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ሲታሰብ፣ 940 ይወስዳል። የተረፈው 1,160 ከስብ ውጭ ላለው 41 ኪሎ ሰውነቷ ሲካፈል 28 ይመጣል። ከ30 ሲወርድ ሰውነት ከሆርሞንና ከአጥንት መቆጠብ ይጀምራል፤ 45 አካባቢ ነው የሚፈለገው። ለጊዜው 500 ብንጨምርላት 40 ገደማ ይደርሳል።

ችግሩ ሁዳዴ ነው። ሽሮና እንጀራ ስንጨምርላት ሆዷ ይነፋል፤ አሠሩ ብዙ ነዋ። በሶ በዘይትና በስኳር ሞከርን፤ ከልምምድ 40 ደቂቃ በፊት ስትጠጣው ያስገሳታል። ሻዩን ከምግብ አርቀናል፣ ብረት እንዳይዝባት። 100 ግራም ለውዝ 570 ካሎሪ ያህል አለው፤ ግን በአንዴ አይበላም።

ጾሙን ሳትፈታ፣ ሆዷን ሳያስጨንቅ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ብትወስድ ይሻላል? ሚዛኑ 49 ሲል ደንግጣ ምግብ እንዳትቀንስስ ምን አደርግ? የሞከራችሁት ካለ በግራምና በሰዓት ጻፉልኝ።