ፋይበር ከገባ ወዲህ የቤት ስልኩ ቶን የለውም (ጅማ)

ቆጪ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ጅማ፣ ቆጪ ነው። ማክሰኞ ፋይበር ገባ፤ ኢንተርኔቱ እሰየው ነው። የቤት ስልኩ ግን ሠራተኞቹ መሰላላቸውን ካነሱበት ሰዓት ጀምሮ ጭጭ ብሏል፤ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ (ቶን) የለም። ሳሎንና መኝታ ቤት አንዳንድ ስልክ አለ፤ ሁለቱም የሚሠሩት በድሮው የግድግዳ ሶኬት ነው። ቀድሞ ኢንተርኔቱም በዚያው የስልክ መዳብ ሽቦ ነበር የሚመጣው። ፋይበሩ የሚገባበት አዲሱ ማሽን ከጀርባው «ቴል 1» እና «ቴል 2» የሚሉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ምንም አልተሰካባቸውም። ከሞባይል ሲደወል ለደዋዩ ይጠራል፣ ቤት ውስጥ ግን ዝም ነው። ፎርሙ ላይ በ047 የሚጀምረው የድሮው ቁጥር ይቀጥላል ተብሎ ተጽፏል። በራሴ የሚስተካከል ነው ወይስ ጥገና ጠርቼ ልጠብቅ?

ሽቦ_ፈታሽ

ለደዋዩ መጥራቱ አያታልልህ። መዳቡ ተቆርጦ ቁጥሩ ገና መዳቡ ላይ ቢሆንም ይጠራል፤ ቁጥሩ ወደ ማሽኑ ተዛውሮ ስልክ ሳይሰካበት ቢቀርም ይጠራል። ኢንተርኔቱ ስለሠራም ስልኩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ድምፁ በዚያው ፋይበር ይምጣ እንጂ የራሱ የተለየ ምዝገባ አለው።

አንዱን ስልክ ከግድግዳው ንቀልና በራሱ አጭር ገመድ ቴል 1 ላይ ቀጥታ ሰካው። ባለ ሽቦ ስልክ ይሁን፤ ገመድ አልባው የራሱ ባትሪና መሠረት ስላለው ነገሩን ያወሳስብብሃል። ከዚያ ከማሽኑ ፊት ቴል የሚለውን መብራት እይ። በርቶ ከቆየና ቶን ከሰማህ፣ ችግሩ ከማሽኑ ወዲህ፣ ቤትህ ውስጥ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ቶንም ከሌለ ቁጥሩ ማሽኑ ላይ አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦ መነካካት ድካም ብቻ ነው። ደውለህ «ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ቴል መብራት ግን አይበራም፣ የድምፅ ምዝገባው ይታይልኝ» በል። «ስልኬ አይሠራም» ብቻ ካልክ መዳብ የሚጠግን ሰው ይልኩልህና ምሰሶ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ቴል 1 ዝም ካለ ቴል 2ንም ሞክር፤ አንዳንዴ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይመዘገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመርፌ የሚጫነውን ሪሴት እንዳትነካ። የስልኩ ምዝገባ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ቆጪ_ልጅ

ሞከርኩት። ቴል 1 መብራቱ በርቷል፣ ቶን አለ፣ ወደ ሞባይሌ ስደውልም የድሮው ቁጥር ነው የመጣው። ግድግዳው ላይ ስመልሰው ግን እንደገና ዝም። ውጭ ግድግዳው ላይ ያለችው የድሮ ሳጥን ክዳኗ አልተገጠመም፤ ውስጧ ሽቦዎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዟቸዋል።

ጂረን_ማዶ

እንግዲያ የቀረህ የሽቦ ሥራ ነው። ማሽኑ ቶን ያወጣል፤ የግድግዳው ሽቦ ግን አሁንም ከምሰሶው የሚመጣውን የሞተ መዳብ ነው የሚጠብቀው። ቶኑን ከውስጥ ወደ ግድግዳው ታስገባለህ፣ በቃ። ቤት ገብተው ፋይበር የሚዘረጉ ሰዎች ይህን ለባለቤቱ ሳይናገሩ መሄዳቸው ደግ አይደለም፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የውጪውን መዳብ ከቤቱ ሽቦ ለይ። ይህን የዘለለ ሰው ማሽን ያቃጥላል። የመዳብ መስመር ሕይወት ሲኖረው ወደ 48 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ሲጠራ ደግሞ እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ይጨመርበታል። ማሽኑም በቴል ቀዳዳው የራሱን ቮልት ስለሚያወጣ ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ከተገናኙ ይጣላሉ። ዛሬ ሞቷል ብለህም አትተወው፤ ነገ ምሰሶው ላይ ለጎረቤት ሲያገናኙ ተሳስተው ባንተ የሽቦ ጥንድ ላይ ሊለቁበት ይችላሉ። መብረቅም የሚገባው በዚያው መንገድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ ማሽኑ ላይ ምንም ስልክ ሳይሰካ፣ ሳጥኗን ክፈት። ከምሰሶው የሚመጣው ጥቁርና ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው ቀጭኑ። የጥቁሩን ሁለት ጫፎች ከማያያዣው ፍታና ሳታገናኛቸው በቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ለካ። 48 አካባቢ ካሳየህ መስመሩ ገና ሕያው ነው፤ ባዶ እጅህን አታስጠጋ። 0 ካሳየህ ሞቷል። ያም ሆነ ይህ እያንዳንዱን ጫፍ ለየብቻው በፕላስተር ጠቅልለህ ወደ ጎን እጠፈው፤ አብረህ አትጠቅልላቸው።

አሁን የቤቱን ሽቦ ፈትሽ። ከሁለቱም ሶኬት ስልኮቹን ንቀል፣ ሳጥኗ ዘንድ ያሉትን ሁለት ጫፎች ለያይተህ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግና በመካከላቸው ለካ። ንባቡ ገደብ የለሽ መሆን አለበት። ጥቂት ሺህ ወይም መቶ ሺህ ኦም ካሳየህ የሆነ ቦታ እርጥበት ገብቷል፤ የጅማ ዝናብ ክዳን በሌላት ሳጥን ላይ ይህን ለመሥራት አንድ ክረምት አያስፈልገውም። ቀጥለህ ሳሎን ያለውን ሶኬት ፍታና ሁለቱን ሽቦ አገናኝተህ ሳጥኗ ዘንድ ተመልሰህ ለካ፦ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 20 ሜትር ርቀት ላይ ሄዶ መልስ ወደ 3.5 ኦም ነው። 30 እና 40 ካየህ የዛገ መጋጠሚያ አለ። አረንጓዴውን በቢላ አትፋቀው፤ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ቆርጠህ ጣለውና አዲስ መዳብ አውጣ።

ያገናኘኸውን ፈትተህ ሶኬቱን ከመለስክ በኋላ ሁለት ጫፉ የስልክ መሰኪያ ያለው 2 ወይም 3 ሜትር ገመድ ገዝተህ ከቴል 1 ወደ ቅርቡ የግድግዳ ሶኬት ሰካ። በዚያ ሶኬት ላይ ስልክም ከነበረ ባለ ሁለት ቀዳዳ ማከፋፈያ አድርግበት። መሥራት ያለባቸው የመሰኪያው መካከለኛ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ የትኛው የትኛው ጋ ቢሄድ ለአብዛኛው ስልክ ለውጥ የለውም። እስከ ሦስት ስልክ ያለ ሐሳብ ይጠራል፤ ከዚያ በላይ ከሰካህ ጥሪው ይደክማል።

ቆጪ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። የውጪው 0 ነበር፣ ለይቼዋለሁ። ሳሎኑ ሠራ። መኝታ ቤቱ አሁንም ቶን የለውም።

ሽቦ_ፈታሽ

ኢንተርኔቱ በመዳብ በነበረበት ጊዜ የተገጠመች ሦስት ቀዳዳ ያላት ነጭ ስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለይ) አለች? «ላይን»፣ «ፎን»፣ «ሞደም» የሚል የተጻፈባት። ብዙ ጊዜ ሶኬት ጀርባ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥር ተረስታ ትቀራለች። መኝታ ቤቱ የሚመገበው ከፎን ቀዳዳዋ ከሆነና ወደ ላይን የሚገባው ገመድ ተነቅሎ ከሆነ ቶን አይደርሰውም። አሁን ምንም ጥቅም የላትም፤ አውጥተህ ሁለቱን ገመድ ቀጥታ አገናኝ። ስልኮቹ ላይ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ማጣሪያዎች ካሉም ንቀላቸው።

መርካቶ_ጀርባ

የሽቦው ሥራ ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስቡበት። ለድሮው ስልክ ኃይል የሚልክለት የስልክ ማዕከሉ ነበር፤ ሰፈሩ ጨልሞም ይሠራል። ይኼኛው ማሽን ከጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ አስማሚው ላይ 1፣ 1.5 ወይም 2 አምፒር የሚለውን አንብቡና 12 ቮልት የሚያወጣ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ) ግዙ። ካርቶኑ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው የሚቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ከብክነት በኋላ 30 ገደማ ይቀራል። ማሽኑ 10 ዋት የሚበላ ከሆነ 3 ሰዓት ያህል ያቆያል። ባለ 9 ቮልት ወይም 5 ቮልት ቀዳዳ ላይ እንዳትሰኩት።

ጂረን_ማዶ

በእግረ መንገድ፦ ስልኩ በሚሽከረከር ቁጥር የሚደወል ከሆነ ወይም ከጎኑ ያለው «ቲ» እና «ፒ» ማብሪያ ፒ ላይ ከሆነ፣ ቶን እያለ መደወል እምቢ ሊል ይችላል። ማብሪያውን ቲ ላይ አድርጉት። ፋክስ ያላችሁ ደግሞ ፍጥነቱን ወደ 9600 ዝቅ አድርጉ፤ አብዛኛው መቆራረጥ ይቀንሳል።

ቆጪ_ልጅ

ስፕሊተሯ ቁም ሣጥን ጀርባ ተገኘች፤ ላይን ቀዳዳዋ ባዶ ነበር። አወጣኋት፣ መኝታ ቤቱም ጠራ። የሳጥኗን ክዳን መልሼ ገጥሜ የገመድ መግቢያዋን ወደ ታች አዞርኩት። ዩፒኤሱ ነው የቀረው፤ የኔ አስማሚ 12 ቮልት 1.5 አምፒር ይላል።

መርካቶ_ጀርባ

2 አምፒር የሚሰጠውን ውሰድ። የመሰኪያውን ውፍረት እንዳትስት ስትሄድ አስማሚውን ይዘህ ሂድ።