ተጫዋች ሲጎዳ ደመወዙ ይቋረጣል እንዴ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከአንድ ክለብ ጋር የሁለት ዓመት ውል አለው። ልምምድ ላይ ኳስ ይዞ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። ወጌሻው አሽቶ «ወለምታ ነው» ብሎን ነበር፤ ኤምአርአይ ሲነሳ ግን ጅማቱ ተበጥሷል፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይሆንም ተባለ። ክለቡ አሁን «በስምምነት ተለያይተናል» የሚል ወረቀት አምጥቶ ፈርም ይለዋል፤ ካልፈረምክ መልቀቂያ የለም አሉት። አባታችን ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ተወው» እያሉ ነው። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል። ምን ይሻላል?

ግዮን ማዶ፦
አይዞሽ እህቴ። ክለቡ ኢንሹራንስ ገብቶለት ከሆነ ይከፍሉታል፤ ካልገባለት ግን አትድከሙ።

የቢቸናው፦
የለም፣ እንዲህ አትበላት! እኔ ያለሁት ቶሮንቶ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያወራው የበረዶ ሆኪ ነው። ናታን ሆርተን የሚባል ተጫዋች በ2013 እ.ኤ.አ. ኮሎምበስ ከሚባል የአሜሪካ የሆኪ ክለብ ጋር የ7 ዓመት፣ የ37.1 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ብዙም ሳይጫወት ወገቡ ተበላሸ። ክለቡ ለዚያ ውል ኢንሹራንስ አልነበረውም። ታዲያ ከፈለ እንጂ! በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ሲጫወት የተጎዳ ሰው ደመወዙ አይቆረጥም። በ2015 ኮሎምበስ ሸክሙ ሲከብደው ሆርተንን ለቶሮንቶ ክለብ ሰጥቶ ዴቪድ ክላርክሰን የሚባል ተጫዋች ወሰደ፤ ደመወዙ ከነውሉ ተከትሎት ሄደ። ኢንሹራንስ የክለቡን ኪስ ነው የሚጠብቀው፤ ልጁን የሚጠብቀው ውሉ ነው። ውሉን አምጡና እዩት።

የሥራ ክርክር፦
ትክክል ነው። ባህር ዳር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ እይዛለሁ። ተጫዋች ደመወዝተኛ ነው፣ በአሠልጣኝ ትእዛዝ ይሠራል፤ ስለዚህ በልምምድ የደረሰበት ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው ብዬ ነው የምከራከረው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ሕክምናውን ይችላል፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ያን ወረቀት ከፈረመ ግን «በፈቃዱ ነው የለቀቀው» ይሉታል፤ በጭራሽ እንዳይፈርም። መጎዳቱን በደብዳቤ አሳውቁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱበት። በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ይካዳል።

የማርቆሷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሞቼ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እንጽፋለን። አንድ ነገር ብቻ፦ የሐኪሙ ወረቀት ላይ «በልምምድ ወቅት» የሚል የለም። ያስቸግረን ይሆን?

የሥራ ክርክር፦
ሲታከም የነገራቸው ካርዱ ላይ ሰፍሮ ይሆናል፤ የካርዱን ኮፒ ጠይቁ። በዚያ ቀን አብረውት ልምምድ የሠሩ ሁለት ልጆችንም ለምስክርነት ያዙ።